ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚየን፦ የባሕር ዳሩን መንገድ ለመንዳት ላሰበ

ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሐበሻ ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ ዘመድ አያጣም። ሰርግ ይኖራል፣ ክርስትና ይኖራል፣ ልቅሶ ይኖራል፤ በዓመት አንድ ሁለቴ መመላለስ አይቀርም። ታዲያ ጓዙ ተጭኖ ሊነሡ ሲሉ ከመካከል አንዱ «ዛሬ እንኳ በባሕሩ በኩል እንሂድ፤ መንገዳችንም አይደል?» ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በካርታ ሲያዩት ሃይዌይ 1 ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ አንድ ተጨማሪ መስመር ይመስላል። ሲነዱት ግን ኩርባው አያስኬድም፣ ጉሙ ይወርዳል፣ ልጆቹን ያስመልሳቸዋል፣ ሰርጉ ሰዓት አለው፤ ከመሸ ደግሞ ባሕሩም ተራራውም አይታይም። ማታ ደክሞት የደረሰ ሰው «ያወሩለትን ያህል አይደለም» ብሎ ይፈርድበታል። እኔ የምለው ቦታው ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበታል ነው። ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚየን ያለው፣ ቢግ ሰር የሚባለው 90 ማይል፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ የሚታለፍ መንገድ አይደለም፤ ራሱ መድረሻ ነው። ሁለት ቀን ሊመደብለት፣ ከሰሜን ሊገባበት፣ ጉዞውም በተነዳው ርቀት ሳይሆን በተቆመበት ቦታ ሊለካ ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚወጣ ነው።

ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የሳንታ ሉቺያ ተራሮች እዚህ ከውኃው ዳር ቀጥ ብለው ይነሣሉ። ኮን ፒክ የተባለው ጫፍ 1,571 ሜትር ከፍታ ሲኖረው ከባሕሩ የሚርቀው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሜዳ ስለሌለ መንገዱ የተሠራው የተራራውን ጎን እየፈለፈሉ ነው፤ ሥራው 18 ዓመት ያህል ፈጅቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ተከፈተ። ድንጋዩን ከፈለጡት መካከል ከሳን ኩዌንቲን ወኅኒ የመጡ እስረኞች ነበሩ። የተቆረጠው ተራራ ግን እስከ ዛሬ አርፎ አልተቀመጠም። በሜይ 2017 ሙድ ክሪክ በሚባለው ቦታ የወረደው ናዳ መንገዱን ቀብሮ እስከ ባሕሩ ውስጥ ዘለቀ፤ በናዳው ላይ አዲስ መንገድ ተሠርቶ እስኪከፈት 14 ወር አለፈ፣ 54 ሚሊዮን ዶላርም ወጣ። በዚያው ዓመት የፋይፈር ካንየን ድልድይ ተሰነጣጥቆ ፈረሰና በአዲስ ተተካ። በ2020 የዶላን ሰደድ እሳት ገደሉን አራቆተው፤ በጃንዋሪ 2021 ዝናብ ሲጥል ሥሩ የተቃጠለበት አፈር ከነዛፉ ወርዶ ራት ክሪክ ላይ መንገዱን ቆርጦ ባሕር ከተተው። በ2023 እና በ2024 ደግሞ በሌሎች ቦታዎች ናደ፤ የ2024ቱ ሪጀንትስ ናዳ ብቻውን መንገዱን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶታል። እንዲህ ያለን መንገድ እንደ ቋሚ መተላለፊያ ቆጥሮ ቀጠሮ መያዝ አያዋጣም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ሆቴል መያዝ ሳይሆን መንገዱ ክፍት መሆኑን ማጣራት ነው። የካሊፎርኒያ መንገዶች መሥሪያ ቤት ካልትራንስ ኩዊክማፕ የሚባል ነጻ ካርታ አለው፤ የተዘጋውን፣ በአንድ ረድፍ የሚያሳልፈውን፣ በጥገና ላይ ያለውን ሁሉ ያሳያል። አንድ ጊዜ ቀን ሲቆርጡ፣ አንድ ጊዜ በዋዜማው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ይመልከቱት። የስልኩ ጂፒኤስ የሚለውን ብቻ አይመኑ። መንገዱ መካከል ላይ ሲዘጋ ጂፒኤሱ አንዳንዴ ናሲሚየንቶ ፈርጉሰን በሚባል ተራራ ሰንጣቂ መንገድ ዙሩ ይላል፤ ያ መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ከመሆኑም በላይ ራሱ በእሳትና በናዳ ደጋግሞ ይዘጋል። አስተማማኙ ማዞሪያ በውስጥ በኩል ያለው ሃይዌይ 101 ነው።

«ከተዘጋ ታዲያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ የሚነሣው መንገዱን ማለፊያ አድርጎ ከማሰብ ነው። መድረሻ ነው ካልን መዘጋቱ የሚያጎድለው ጥቂት ነው። ከካርሜል ተነሥቶ እስከ ማክዌይ ፏፏቴ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ ፖይንት ሎቦስ፣ ጋራፓታ፣ የቢክስቢ ድልድይ፣ የሬድዉድ ደንና የፋይፈር ባሕር ዳርቻ አሉ። ከዚያ ወዲያ ተዘግቶ ቢሆን እንኳ ገብተው አድረው በመጡበት ቢመለሱ አብዛኛውን አይተዋል። እንዲያውም መንገዱ ወዲያ በኩል ሲዘጋ የሚያልፍ የሚያገድመው መኪና ስለሚቀንስ ዳርቻው ጸጥ ይላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ወራቱ ነው። ብዙ ቤተሰብ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ በጁላይ ይሄድና ሙሉ ቀን ግራጫ ጉም ሲያይ ይውላል። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። በበጋ ነፋሱ የላዩን ውኃ እየገፋ ስለሚወስደው ከሥር ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል፤ በዚያ ቅዝቃዜ ላይ የሚያልፈው እርጥብ አየር ጉም ይሆናል፤ የውስጡ አገር ሲግል ደግሞ ያን ጉም ወደ ዳርቻው ይስበዋል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ሲገቡ ይህ ዑደት ስለሚደክም ሰማዩ ይጠራል፤ ምርጫ ካለዎት እነዚህን ሁለት ወራት ይምረጡ፣ ቀኑንም ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያድርጉት። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ግራጫዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ወደ ደቡብ ሲጓዙ ከመንገድ ዳር ሆኖ እስትንፋሳቸውን ማየት ይቻላል፤ ዝናቡና ናዳው የሚመጣውም ግን ያኔ ነው። በጸደይ አበባው ይፈካል፣ ፏፏቴው ይሞላል። ከትምህርት ቤት እረፍት ውጪ መሄድ የማይችል ወላጅ ተስፋ አይቁረጥ፤ ቀኑን ይገልብጠው። ጠዋት ጉም ሲኖር ወደ ሬድዉዱ ደን ወይም ሞንተሬ ወዳለው አኳሪየም ይሂድ፤ ባሕሩን ከሚያሳዩት ከፍታዎች ላይ የሚቆመው ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲገፈፍ ይሁን።

ሦስተኛው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ ጉዞውን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ይኸኛው ነው። አሜሪካ ውስጥ በቀኝ ይነዳል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ ባሕሩ በቀኝዎ ነው፤ ከእርስዎና ከውኃው መካከል ሌላ መኪና አይገባም፤ ለመቆም ሲፈልጉም ፍሬቻ አብርተው ወደ ቀኝ መታጠፍ ብቻ ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ግን እያንዳንዱ ማቆሚያ ከተቃራኒው ረድፍ ማዶ ይሆናል። ከኩርባ ጀርባ ምን እንደሚመጣ በማይታይበት ቦታ ወደ ግራ ታጥፎ መግባት፣ እንደገናም ወደ ግራ ታጥፎ መውጣት ማለት ነው። ሰው ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ ይሰለቸውና መቆም ይተዋል። አራት ቦታ ሊቆም ያሰበ አንድ ቦታ ቆሞ ያልፋል፤ የጉዞው ዋጋ የሚወርደው በዚህ ነው። «እኔ የምነሣው ከሎስ አንጀለስ ነው፤ ወደ ኋላ ዞሬ ልምጣ?» ለሚል መልሱ አዎ ነው። በ101 ቀጥታ ወጥተው በአንድ ቀን ሞንተሬ አካባቢ ይደርሳሉ፤ ሳሊናስ ወይም ማሪና ቢያድሩ ከካርሜል ይልቅ ዋጋው ይቀላል፤ በነጋታው በባሕሩ ዳር ወደ ቤትዎ አቅጣጫ ይወርዳሉ። መጨረሻውም ወደ ቤት ስለሚያቀርብዎ ምንም የሚባክን መንገድ የለም። የኦክላንድና የሳን ሆዜ ሰው ደግሞ ከላይ ስለሚነሣ ዕድለኛ ነው።

መኪናውን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ማንኛውም የቤት መኪና ይበቃል። ፍሬኑን ያስፈትሹ፤ የመስታወት መጥረጊያውንና መብራቱን ይዩ። ነዳጅ ካርሜል ወይም ሞንተሬ ላይ ሙሉ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ማደያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ዋጋቸውም ይጎረብጣል። የስልክ ኔትወርክ ለረዥም ርቀት ስለማይኖር ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ የማደሪያዎን ወረቀትም እንዲሁ። ስንቅ መያዝ ደግሞ ከቁጠባም በላይ ጥቅም አለው። በመንገዱ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ጥቂትና ውድ ስለሆኑ ስንቅ የሌለው ሰው ቀኑን የሚያቅደው በምሳ ሰዓት እንጂ በብርሃኑ አይደለም። ፍርፍር በቆርቆሮ ዕቃ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቡና በፔርሙዝ የያዘ ቤተሰብ ግን ደስ ባለው ገደል ራስ ላይ ቆሞ ይበላል። የጾም ቀን ለገጠመውም ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም። ፍርፋሪውንና ቆሻሻውን ግን አንሥተው ይውሰዱ፤ ለወፍም ሆነ ለሽኮኮ ምግብ አይስጡ።

አነዳዱን የዓባይን በረሃ ወይም ሊማሊሞን የወረደ ሹፌር ያውቀዋል፦ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ ሳይሆን ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ነው። አውቶማቲክ መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ ከቤት ሳይወጡ የት እንዳለ ይወቁት። ከኋላዎ መኪና ሲከማች አይጨነቁ፣ አይፍጠኑም። በካሊፎርኒያ ሕግ በሁለት ረድፍ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድና አምስት ወይም ከዚያ በላይ መኪና ከኋላው የተሰለፈበት ሹፌር ወደ ዳር ማሳለፊያው ወጥቶ ማሳለፍ አለበት። እኔ አምስት እስኪሞሉ አይጠብቁ እላለሁ፤ ሁለት ሲሆኑ ይውጡላቸው። ለነዋሪው ይህ የሥራና የሐኪም መንገዱ ነው፤ ለእርስዎም ከኋላ የሚገፋ ሳይኖር መንዳት ሰላም ነው። ከሁሉ በላይ ሹፌር መንገዱን እንጂ ባሕሩን አይመልከት። «ታዲያ ሹፌሩ ምን አተረፈ?» ቢባል፣ መቆሙን አተረፈ። ባሕሩን የሚያየው ሲቆም ስለሆነ ብዙ መቆም የመጀመሪያ ጥቅሙ ለእሱ ነው፤ መንዳት የሚችል ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ይቀያየሩ።

የመጀመሪያውን ቀን ማለዳ ከካርሜል 5 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው ፖይንት ሎቦስ ይጀምሩ፤ ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ ማለዳ ማለቴ የምር ነው። እዚህ አይቸኩሉ፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ይስጡት። ከገደሉ ሥር ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ቡናማ የባሕር ሣር ይታያል፤ ትንሽ ዝም ብለው ካዩት ከመካከሉ አንድ ጭንቅላት ብቅ ይላል። የባሕር አቆስጣ ነው። በጀርባው ይንጋለላል፣ ደረቱ ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ በሁለት እጁ የያዘውን ቀንድ አውጣ በድንጋዩ ላይ ይቀጠቅጠዋል፤ ነፋስ ከሌለ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ እላይ ድረስ ይሰማል። ሲያንቀላፋ ማዕበሉ እንዳይወስደው ሣሩን በገላው ላይ ይጠመጥመዋል። ይህ እንስሳ ለጠጉሩ ሲባል እየታደነ ከካሊፎርኒያ ጠፋ ተብሎ ነበር፤ መንገዱ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ1938፣ ቢክስቢ ወንዝ መግቢያ አጠገብ 50 የሚያህሉ መትረፋቸው ታወቀ። ዛሬ በዳርቻው ሁሉ 3,000 ገደማ ያሉት ከእነዚያ የተባዙ ናቸው። በመኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሰው ይህን ሁሉ አያይም፤ የቆመ ግን ያያል።

ከዚያ ጋራፓታ ላይ ጥቂት በእግር ተንሸራሽረው ወደ ቢክስቢ ድልድይ ይሂዱ። በ1932 የተጠናቀቀ፣ 218 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በአንድ ቅስት ገደሉን የተሻገረ የኮንክሪት ድልድይ ነው። ፎቶ የሚነሣበት ማቆሚያ ከድልድዩ በፊት በባሕሩ በኩል፣ ማለትም ከሰሜን ለሚመጣ በቀኙ ነው። ማቆሚያው ከሞላ መንገዱ ላይ አይቁሙ፣ ድልድዩንም በእግር አይሻገሩ፤ የእግረኛ ቦታ የለውም። ሳይቆሙ ቢያልፉት የሚቆጭ አይደለም፤ ካሉት ሁሉ እጅግ የሚጨናነቀው ይህ ነው። ከዚህ ወዲያ ቀና እያሉ ሰማዩንም ይመልከቱ። ክንፉን ገትሮ ሳይወዛወዝ የሚያንዣብብ፣ ከክንፉ ሥር ነጭ ያለው፣ ቁጥር የተለጠፈበት ግዙፍ ጥንብ አንሣ ካዩ ኮንዶር ነው። በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ፤ ተይዘው እንዲባዙ ከተደረገ በኋላ ከ1997 ጀምሮ እዚህ ተለቀቁ። ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ይጠጋል።

ለማደር ፋይፈር ቢግ ሰር ፓርክ በሬድዉድ ዛፎች ሥር የድንኳን ቦታ አለው፤ የሚያዘው በስቴቱ የፓርኮች ድረ ገጽ በኩል ሲሆን ከስድስት ወር በፊት ስለሚከፈት ያኔውኑ ይያዙ። ሎጆቹ ውድ ናቸው፤ ይህን መካድ አልችልም። «ሁለት ቀን ማለት ሁለት እጥፍ ወጪ ነው» የሚለው ተቃውሞ ሚዛን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ድንኳን ነው፤ ካልሆነም ሁለቱንም ሌሊት ማሪና ወይም ሳሊናስ አድረው በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ገብተው መውጣት ነው፤ ነዳጁ ከአንድ ሌሊት የሎጅ ኪራይ በእጅጉ ያንሳል። መኪና ውስጥ መንገድ ዳር ማደር ግን የተከለከለ ነው። እሳትም ከተፈቀደበት ቦታና ጊዜ ውጪ አያንድዱ፤ በ2016 የሶበራኔስን ሰደድ እሳት ያስነሣው ሳይጠፋ የተተወ ሕገ ወጥ እሳት ነበር፤ ከ130,000 ኤከር በላይ አቃጠለ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሲካሞር ካንየን በሚባለው ጠባብ መንገድ ወደ ፋይፈር ባሕር ዳርቻ ይውረዱ። መታጠፊያው በቀላሉ አይታይም፤ ትልልቅ መኪኖችና ተጎታቾችም አይፈቀዱም። ከማቆሚያው ወደ ሰሜን ጫፍ ከተጓዙ አሸዋው መልኩን ይለውጣል፤ ከተራራው ከሚታጠበው ጋርኔት የተባለ ማዕድን የተነሣ ሐምራዊ ይሆናል። እፍኝ ዘግነው በጣትዎ ቢበትኑት ቀይ፣ ሮዝ፣ ጥቁር ቅንጣቱ ለየብቻው ይታያል። አይተው ይመልሱት። እግር እንኳ ሲነክሩ ጀርባዎን ለባሕሩ አይስጡ፤ ከሌላው ሁሉ አልፎ የሚወጣ ማዕበል ሳይታሰብ ይመጣል፣ ውኃውም በበጋ ሳይቀር እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ልጆችን እጃቸውን ይያዙ፤ ይህ መዋኛ አይደለም። ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ማክዌይ ፏፏቴ አለ፤ 24 ሜትር ወርዶ አሸዋ ላይ ያርፋል። ያ አሸዋ በ1983 የወረደው ናዳ ያመጣው ነው፤ ከዚያ በፊት ፏፏቴው በቀጥታ ባሕር ውስጥ ይገባ ነበር። ወደ አሸዋው መውረድ ክልክል ነው፤ የሚታየው ከላይ ካለችው አጭር የእግር መንገድ ነው፤ መንገዷም አንዳንዴ ለጥገና ስለምትዘጋ በዋዜማው ያጣሩ።

ልጆችና አረጋውያን ይዞ ለሚሄድ የሚቀርበው ተቃውሞ ኩርባው ያዞራል የሚል ነው፤ እውነት ነው። ግን የሚያዞረው ሳይቆሙ ሦስት ሰዓት መነዳት ነው። በየ20 ደቂቃው ከወረዱ፣ የሚያዞረው ሰው ፊት ከተቀመጠ፣ ስልክ ካላነበበና ሆዱ ባዶ ካልሆነ አብዛኛው ሰው ይቋቋመዋል። እናት አባት ለጉብኝት መጥተው ከሆነም ብዙ መራመድ አይጠበቅባቸውም። ለእነሱ የሚሆነው ትልቁ ትዕይንት መጨረሻ ላይ ነው፦ ከሳን ሲሚየን ትንሽ ቀደም ብሎ ፒየድራስ ብላንካስ የሚባል ቦታ፣ መኪና እግሩ ሥር የሚቆምበት፣ በእንጨት የተነጠፈ ደረጃ የሌለው መመልከቻ አለ፤ ክፍያ የለውም። ከሥሩ አሸዋው ላይ የባሕር ዝሆኖች ተኝተዋል። ወንዱ ከ2,000 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አፍንጫው ተንጠልጥሎ እንደ ከበሮ ያጓራል። ሴቶቹ በመቅዘፊያቸው አሸዋ እየዛቁ በገዛ ጀርባቸው ላይ ይረጫሉ፤ ከሙቀት ይከልላቸዋል። ቀድሞ ለስባቸው ተብሎ ታድነው ሊያልቁ ደርሰው ነበር፤ ወደዚህ ዳርቻ መምጣት የጀመሩት በ1990 ነው። ዓመቱን ሙሉ ጥቂቶቹ አይጠፉም፤ ከሚበዙባቸው ጊዜያት አንዱ ግን ጃንዋሪ መጨረሻ፣ ሲወልዱና ሲዳሩ ነው።

እዚያ ከመድረስዎ በፊት ፀሐይ እንዳትጠልቅ ይጠንቀቁ፤ ጉዞው በዚህ ያልቃል። ካምብሪያ ጥቂት ደቂቃ ዝቅ ብላ ስላለች ነዳጅ ይቅዱ። የሰሜኑ ሰው ከካምብሪያ ወዲያ በሃይዌይ 46 ተራራውን ተሻግሮ 101 ላይ ይወጣና ወደ ሳን ሆዜ ይመለሳል፤ የሎስ አንጀለሱ በሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በኩል 101ን ይዞ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ያ መንገድ ሰፊና ፈጣን ስለሆነ በጨለማም ቢነዱት የሚያመልጥ ነገር የለም።